ከቀለብ እህል ጋር ሳይሻሙ የዕንቁላል ቄቦችን ማሳደግ

መግቢያ

ድርቅ በጎዳው አካባቢ የከብት ሀብትን መልሶ ማፍራት ረጅም ዓመታትን የሚጠይቅ ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። ዛሬ ተገዝታ ለአንድ ቤተሰብ የተሰጠች ጥጃ ወልዳ እስክትታለብ ድረስ ከሦስት ዓመት ያላነሰ ጊዜ ያልፋል። በሚገባ የተያዘች ጫጩት ግን አምስት ወር ገደማ ሲሞላት ዕንቁላል መጣል ትጀምራለች። በመልሶ ማቋቋም ዕቅዶች ውስጥ የዶሮ ዕደላ ብዙ ጊዜ ቦታ የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ዶሮ ከከብት የምትለይበት አንድ ዐቢይ ነገር አለ። ላም ሰው የማይበላውን ሣርና ገለባ ወደ ወተት ትለውጣለች፤ በመኖ የምታድግ ዶሮ ግን በቆሎና ማሽላ ትበላለች፤ ይኸውም ተረጂው ቤተሰብ ራሱ የሚመገበው እህል ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600 ሺህ ያህል ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥተው በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲሠፍሩ እንደታየው፣ በአዲስ ቦታ የተተከለ ሕዝብ የመጀመሪያ ምርቱን እስኪሰበስብ ድረስ ኑሮው በሚታደለው ቀለብ ላይ የተመሠረተ ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ ለዶሮ የሚሰፈር እያንዳንዱ ኪሎ እህል ከአንድ ሰው ድርሻ የሚቀነስ ይሆናል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ሐተታ ይህን ሽሚያ ለማቃለል የሚያስችለውን መንገድ ያብራራል። ፍሬ ነገሩም የሚከተለው ነው። ርካሽ የሆኑ የተረፈ ምርትና የቅጠል መኖዎች በዶሮዋ ዕድሜ ሁሉ እኩል አገልግሎት አይሰጡም። በጫጩትነት ዘመን ይጎዳሉ፤ በቄብነት ዘመን ይጠቅማሉ፤ የተወሰኑት ደግሞ መጣል ከመጀመሯ በፊት መቆም ይገባቸዋል። ስለሆነም ዋናው ጥያቄ የትኛው መኖ ርካሽ ነው የሚለው ብቻ ሳይሆን ለየትኛው ዕድሜ ተስማሚ ነው የሚለው ነው።

ሦስቱ የዕድሜ ክፍሎች

የዕንቁላል ዶሮ እስክትጥል ድረስ ያላት ዕድሜ በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ከተፈለፈለችበት ቀን እስከ ስምንተኛው ሳምንት ያለው የጫጩትነት ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት አጥንት፣ ላባና የውስጥ አካላት በፍጥነት ስለሚያድጉ መኖው ከመቶ ከ18 እስከ 20 እጅ ፕሮቲን ሊኖረው ያስፈልጋል። የጫጩት ሆድ ትንሽ በመሆኑ አሰር የበዛበትን ሻካራ መኖ በልታ የሚበቃትን ምግብ ልታገኝ አትችልም። በዚህ ጊዜ የደረሰ የዕድገት ጉድለትም ኋላ ሙሉ በሙሉ አይካስም።

ሁለተኛው ከስምንተኛው እስከ አሥራ ስምንተኛው ሳምንት ገደማ ያለው የቄብነት ጊዜ ነው። ዕድገቱ ረጋ ስለሚል ከመቶ 15 ወይም 16 እጅ ፕሮቲን ያለው መኖ ይበቃል። ጨጓራዋ ጠንክሯል፤ አንጀቷ ሰፍቷል፤ ጥቂት ሻካራ መኖ ማግኘቷም የምግብ መፍጫ አካሏን ስለሚያጎለብተው ኋላ ዕንቁላል ስትጥል ብዙ መብላት እንድትችል ያግዛታል። በዚህ ዕድሜ እጅግ ባለጠጋ የሆነ መኖ የምትመገብ ቄብ ሥብ እያበዛች ትሄዳለች።

ሦስተኛው መጣል ከመጀመሯ በፊት ያሉት ሁለት ሳምንታት ናቸው። በዚህ ጊዜ አጥንቷ ለዕንቁላል ቅርፊት የሚሆን ካልሲየም ያከማቻል፤ የመኖው ጥራትም እንደገና ከፍ ማለት ይኖርበታል።

የሮድ አይላንድ ሬድን የመሰለች ዶሮ እስከ ሃያኛው ሳምንት ድረስ በጠቅላላው 8 ኪሎ ያህል መኖ ትበላለች። ከዚህም ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት የምትበላው 2 ኪሎ ገደማ ሲሆን ቀሪው 6 ኪሎ ከዚያ በኋላ የሚበላ ነው። በሌላ አነጋገር ከማሳደጊያው መኖ ሦስት አራተኛው የሚወጣው ዶሮዋ ርካሽ መኖን ለመቋቋም በምትችልበት ጊዜ ነው። ቁጠባ መፈለግ ያለበትም በዚሁ ክፍል እንጂ በጫጩቷ 2 ኪሎ ላይ አይደለም።

በአገር ውስጥ የሚገኙ መኖዎች

ሀ/ ኃይል ሰጪ መኖዎች። በቆሎ ከሁሉም ይመረጣል፤ የፕሮቲን መጠኑ ግን ከመቶ 9 እጅ ያህል ብቻ ነው። ነጭ ማሽላ በቆሎን ሙሉ በሙሉ ሊተካ ይችላል። ወፍ የማይደፍረው፣ ጥቁር ቡናማና መራራ የሆነው የማሽላ ዓይነት ግን ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ታኒን ስላለበት ከእህሉ ክፍል ከግማሽ በላይ ባይሆን ይመረጣል። በደቡብ አካባቢዎች የእንጨት ቦዬ በመባልም የሚታወቀው ካሳቫ ሥሩ ተልጦ፣ በቀጭኑ ተከትፎና በፀሐይ በደንብ ደርቆ ሲፈጭ ለበቆሎ የቀረበ ኃይል ይሰጣል። ፕሮቲኑ ግን ከመቶ 2 ወይም 3 እጅ ብቻ በመሆኑ ጉድለቱ በሌላ መኖ መሞላት አለበት።

በየወፍጮ ቤቱና በየእህል መጋዘኑ የሚጠራቀመው ግርድም የማይናቅ መኖ ነው። የተሰበረው፣ የጨነጨነውና ከማበጠሪያ የወጣው እህል ለሰው ቀለብ ባይሆንም ለቄብ ይሆናል። ሆኖም ግርድ ውስጥ እንክርዳድና የአስተናግር ፍሬ ሊኖር ስለሚችል እነዚህ መርዛም ዘሮች በወንፊትና በእጅ ተለቅመው መውጣት ይገባቸዋል። የስንዴ ፉርሽካ ከመቶ 15 እጅ ያህል ፕሮቲን ሲኖረው ኃይሉ ዝቅተኛ ነው፤ ለጫጩት ጥቂት፣ ለቄብ ግን እስከ መኖው ሩብ ድረስ ሊሰጥ ይችላል።

ለ/ ፕሮቲን ሰጪ መኖዎች። ከሁሉም በላይ በአገሪቱ የሚገኘው የኑግ ፋጉሎ ነው። ፕሮቲኑ ከመቶ 30 እጅ ያህል ሲሆን አሰሩ ብዙ በመሆኑ ለጫጩት በመጠኑ ብቻ ይሰጣል፤ ለቄብ ግን እስከ መኖው አንድ አምስተኛ ገደማ ድረስ ሊገባ ይችላል። ኑግ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል። የሰሊጥ ፋጉሎ ከመቶ 40 እጅ ያህል ፕሮቲን አለው፤ ሜቲዮኒን የተባለው ክፍል ቢበዛበትም እሱም ላይሲን ያንሰዋል። ስለሆነም ኑግንና ሰሊጥን ብቻ መቀላቀል የላይሲንን ጉድለት አያሟላም። ይህን የሚያሟሉት ጥራጥሬዎች ናቸው። ከእነዚህም አኩሪ አተር ቀዳሚው ሲሆን ባቄላና አተር ይከተላሉ።

አኩሪ አተር በ1977 ዓ.ም. ከተካሄደው ሠፈራ ዋና ቦታዎች አንዱ በሆነው በመተከል በዛሬው ጊዜ በስፋት የሚመረት ሰብል ሆኗል። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ከሩቅ የሚጓጓዝ የፕሮቲን መኖ ሳይጠበቅ በስፍራው የሚገኘውን መጠቀም ይቻላል።

ሐ/ ቅጠላ ቅጠል። የአልፋልፋ፣ የሽፈራውና የሉኪኒያ ቅጠሎች ደርቀው ሲፈጩ ከመቶ ከ17 እስከ 27 እጅ የሚደርስ ፕሮቲን ይኖራቸዋል። ከዚህም በላይ ቫይታሚን ኤ የሚሆነውንና የዕንቁላልን አስኳል ቢጫ የሚያደርገውን ቀለም ይሰጣሉ፤ ይህም ነጭ ማሽላ ለሚመገቡ ዶሮዎች እጅግ አስፈላጊ ነው። መጠናቸው ግን ከመኖው ከመቶ 5 እጅ ባይበልጥ ይመረጣል።

መ/ የጠመቃ ውጤቶች። የቢራ ፋብሪካ ብቅል ዝቃጭ ሲደርቅ ከመቶ 25 እጅ ያህል ፕሮቲን አለው። የጠላና የአረቄ አተላም በየቤቱ ይገኛል። ሁለቱም እርጥብ ሆነው ከአንድና ከሁለት ቀን በላይ ከቆዩ ስለሚበላሹ ወዲያው መስጠት ወይም በፀሐይ አስጥቶ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው መኖዎች

ዕፀዋት ራሳቸውን ከተባይና ከእንስሳት ለመጠበቅ በፍሬያቸውና በቅጠላቸው ውስጥ ልዩ ልዩ መርዝ ያኖራሉ። ርካሽ መኖ ብዙ ጊዜ ርካሽ የሆነውም በዚሁ ምክንያት በመሆኑ የእያንዳንዱን ጠባይ ማወቅ የግድ ነው።

ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ ያግዳል፤ የዶሮዋን ቆሽት ያሳብጣል፤ ዕድገቷንም ይገታል። መድኃኒቱ መቁላት ነው። በምጣድ ላይ እያገላበጡ የጥሬነት ሽታው እስኪጠፋና መልኩ ወርቃማ ቡናማ እስኪሆን መቁላት ይበቃል። ካረረ ግን ላይሲኑ ስለሚበላሽ የተፈለገው ጥቅም ይቀራል።

የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ጎሲፖል የተባለ መርዝ አለው። በጥቂቱ ለቄብ ቢሰጥም ለጣይ ዶሮ ሲሰጥ የተቀመጠ ዕንቁላል አስኳሉ ወደ ወይራማ ቡናማነት ይለወጣል፤ ገበያም ያጣል። ስለዚህ በአሥራ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ማቆም ያስፈልጋል።

የጎመን ዘር ፋጉሎ እንቅርት ያመጣል፤ ቡናማ ዕንቁላል በሚጥሉ ዶሮዎችም ላይ ዕንቁላሉ የዓሣ ሽታ እንዲኖረው ሊያደርግ ይችላል። የተልባ ፋጉሎ የሚያጣብቅ ልጋግ አለው፤ ቫይታሚን ቢ 6ንም ይሻማል። ሁለቱም ከመቶ 5 እጅ ባይበልጡ ይመረጣል፤ ለጫጩት ግን ጨርሶ አይሰጡም። ግብጦ በውኃ ተዘፍዝፎና ውኃው በተደጋጋሚ ተደፍቶ መራራነቱ ካልወጣ አይሰጥም። መራራው ካሳቫ ሳያናይድ ስላለበት ሳይከተፍና ሳይደርቅ መቅረብ የለበትም። የሉኪኒያ ቅጠል ሚሞሲን የተባለ መርዝ ስላለው ከተጠቀሰው መጠን ሲያልፍ ዕድገትን ይቀንሳል።

ስለ ጓያ ለብቻው ማንሣት ያስፈልጋል። ጓያ ዝናብ ሲጠፋና ሌላው ሰብል ሲደርቅ ጸንቶ የሚቆም በመሆኑ በድርቅ ዓመት በብዛት የሚገኘው እርሱ ነው። ለወራት ዋና ምግቡ ያደረገውን ሰው እግር የሚያሽመደምደው መርዝ ጫጩቶችንም ነርቫቸውን ይመታል፤ አንገታቸውን ያጣምማል፤ እግራቸውንም ያደርቃል። ስለሆነም በየመጋዘኑ የተገኘ ጓያ ለሰው ስለማይሆን ለዶሮ ይሁን የሚለው አሳብ ለጫጩቶች ፈጽሞ የሚሠራ አይደለም። የጉሎ ፋጉሎ ደግሞ በማንኛውም ዕድሜና መጠን ለዶሮ አይሰጥም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ግን ከዕፀዋቱ ሳይሆን ከአያያዝ ጉድለት የሚመጣው ሻጋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ የሚሆኑ የቱርክ ዶሮ ጫጩቶች በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። ምክንያቱ ሲመረመር ከብራዚል የመጣው የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሻግቶ መገኘቱ ታወቀ፤ አፍላቶክሲን የተባለው የጉበት መርዝም የተለየው በዚሁ አጋጣሚ ነበር። አደጋው ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ ዙሪያ በወተት ላሞች መኖ ላይ የተደረገ ምርመራ ይህ መርዝ በብዛት የሚታየው የኑግ ፋጉሎ ባለበት መኖ ላይ መሆኑን አመልክቷል። መርዙ በመቁላትም ሆነ በመፍላት አይጠፋም። ስለዚህ የሻገተ ፋጉሎ ከጤነኛው ጋር ቀላቅሎ ማዳረስ ሳይሆን መጣል ይገባል።

አንድ ምሳሌ የሚሆን ድብልቅ

ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ ላሉ ቄቦች 100 ኪሎ መኖ እንደሚከተለው ሊዘጋጅ ይችላል።

በቆሎ፣ ነጭ ማሽላ ወይም የተጣራ ግርድ 50 ኪሎ
የስንዴ ፉርሽካ 20 ኪሎ
የኑግ ፋጉሎ 18 ኪሎ
የሰሊጥ ፋጉሎ ወይም የተቆላ አኩሪ አተር 5 ኪሎ
የደረቀ የአልፋልፋ ወይም የሽፈራው ቅጠል ዱቄት 4 ኪሎ
የተፈጨ የኖራ ድንጋይ 1.5 ኪሎ
በደንብ የተቀቀለና የተፈጨ የአጥንት ዱቄት 1 ኪሎ
ጨው ግማሽ ኪሎ

ይህ ድብልቅ ከመቶ 16 እጅ ያህል ፕሮቲንና ከመቶ 1 እጅ ያህል ካልሲየም ይሰጣል። ኃይሉ ከፋብሪካ መኖ ዝቅ ስለሚል ቄቦቹ ትንሽ ጨምረው ይበላሉ። አኩሪ አተር በሚገኝበት ቦታ ከሰሊጡ ይልቅ እርሱን መምረጥ የላይሲንን ጉድለት ያቃልላል። ከእህሉ 10 ኪሎው በካሳቫ ሲተካ ከፉርሽካው 4 ኪሎ ቀንሶ በዚያው መጠን የኑግ ፋጉሎ መጨመር ፕሮቲኑ እንዳይወርድ ያደርጋል።

ከዕፀዋት ብቻ የተዘጋጀ መኖ ቫይታሚን ቢ 12 የለውም። የቫይታሚን ቅመም በማይገኝበት ቦታ ቄቦቹ በቀን ለተወሰኑ ሰዓታት ውጭ ወጥተው ነፍሳትና ትል እንዲለቅሙ፣ ለምለም ሣር እንዲቀነጥሱና ፀሐይ እንዲሞቁ ማድረግ ጉድለቱን በአመዛኙ ይሸፍናል።

ቁጠባው በቁጥር ሲገለጽ

አንድ የሠፈራ ጣቢያ ለ1,000 ቤተሰቦች አምስት አምስት ቄብ ለማደል ቢያቅድ 5,000 ቄቦች ማሳደግ ያስፈልገዋል። ቀደም ሲል በተጠቀሰው ስሌት መሠረት ለጫጩትነት ጊዜ 100 ኩንታል፣ ለቄብነት ጊዜ 300 ኩንታል መኖ ይወጣል። የቄቦቹ መኖ እንደተለመደው ከመቶ 65 እጅ ንጹሕ እህል ቢሆን 195 ኩንታል የሰው ቀለብ ይፈጃል። ከላይ በተመለከተው ድብልቅ ሆኖ ከእህሉ ግማሹ በተጣራ ግርድ ቢተካ ግን የሚፈጀው 75 ኩንታል ብቻ ነው። ልዩነቱ 120 ኩንታል ይሆናል። አንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ይታደለዋል ቢባል ይህ መጠን ለ800 ሰዎች የአንድ ወር ቀለብ ነው።

በአንጻሩ ከጫጩቶቹ 100 ኩንታል ላይ በተመሳሳይ መንገድ ለመቆጠብ የሚደረግ ሙከራ የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ የሚያጠፋው ግን የዕቅዱን መሠረት ነው። በአራተኛው ሳምንት የሞተች ጫጩት የበላችው መኖ፣ የወሰደችው ክትባትና የመጓጓዣው ወጪ ሁሉ አብሯት ይጠፋል። በሕይወት ቆይታ የቀጨጨችውም ብትሆን ዘግይታ ትጥላለች፤ ዕንቁላሏም አነስተኛ ይሆናል።

አያያዝና ክትትል

አዲስ መኖ በአንድ ቀን አይለወጥም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሩቡን፣ በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ግማሹን፣ ከዚያም ሦስት አራተኛውን እየተኩ በሳምንት ውስጥ ማሸጋገር ይገባል። መኖው እንደ ሽሮ እጅግ ከደቀቀ ዶሮዎቹ ስለማይወዱት ሸረፍ ተደርጎ ይፈጫል። ጨውና ኖራን የመሰሉ ጥቂት ነገሮች አስቀድሞ ከጥቂት ፉርሽካ ጋር ተደባልቀው ቆይተው ከጠቅላላው ጋር ይዋሐዳሉ፤ አለበለዚያ አንዲት ዶሮ የብዙዎችን ጨው ልትበላ ትችላለች።

ፋጉሎና ፉርሽካ የሚቀመጡት ከወለል ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎና ጣሪያው በማያፈስ ቤት ውስጥ ነው። የምዕራቡ ቆላ ዝናብ ረጅምና እርጥበታማ በመሆኑ በዚያ ወራት ከሦስትና ከአራት ሳምንት ለሚበልጥ ጊዜ የሚሆን ድብልቅ አለማዘጋጀት ይመረጣል። ውኃም እንደ መኖ ሁሉ ሊታሰብበት ይገባል፤ ዶሮ ከምትበላው መኖ በክብደት እጥፍ ያህል ውኃ ትጠጣለች፤ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል።

የመኖው ብቃት የሚታወቀው በሚዛን ነው። በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን ከመንጋው ጥቂት ቄቦችን ይዞ መመዘንና መመዝገብ ያስፈልጋል። ለሮድ አይላንድ ሬድና ለመሰሎቿ በሃያኛው ሳምንት 1.5 ኪሎ ገደማ ተስማሚ ክብደት ነው። ከተመዘኑት አሥር ቄቦች ስምንቱ ከአማካዩ ክብደት ከመቶ 10 እጅ ካልራቁ መንጋው ተመጣጥኖ አድጓል ማለት ነው። ክብደታቸው እጅግ የተራራቀ ሲሆን ግን የመመገቢያው ገንዳ ጥበት፣ የድብልቁ አለመዋሐድ ወይም ሕመም መኖሩ ይጠረጠራል። ከዚህ ጋር የፈንግል ክትባት በወቅቱ ካልተሰጠ የመኖ ዝግጅቱ ሁሉ ከንቱ ድካም ይሆናል።

ሌላው ተደጋግሞ የሚታይ ስሕተት የጣይ ዶሮ መኖን ለታዳጊ ቄብ መስጠት ነው። የጣይ ዶሮ መኖ ከመቶ ከ3.5 እስከ 4 እጅ ካልሲየም አለው። ይህ መጠን ገና ለማትጥል ቄብ ከሚያስፈልጋት ሦስትና አራት እጥፍ በመሆኑ ኩላሊቷን ይጎዳል። ከአሥራ ስምንተኛው ሳምንት ጀምሮ የተከካ የኖራ ድንጋይ ወይም የታጠበና የደረቀ የዕንቁላል ቅርፊት በተለየ ዕቃ ማቅረብ ግን ተገቢ ነው፤ እያንዳንዷ እንደ ፍላጎቷ ትወስዳለች።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው ለዕቅድ አውጪዎችና ለመስክ ሠራተኞች ሦስት ተግባራዊ ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የአንድ ቀን ጫጩት ያለ ጫጩት መኖ ለተረጂ ቤተሰብ ማደል አይገባም፤ ጫጩቶቹ በማዕከል ስምንት ሳምንት አድገውና ተከትበው ቢሰጡ ቤተሰቡ የሚረከበው በአካባቢው መኖ ልትኖር የምትችል ቄብ ነው። ሁለተኛ፣ ከሩቅ የሚጓጓዘው ጥራት ያለው መኖ ለጫጩቶች ብቻ እንዲውል ሆኖ የቄቦቹ መኖ በየአካባቢው ከሚገኝ ግርድ፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎና ቅጠል እንዲዘጋጅ ማድረግ ይቻላል። ሦስተኛ፣ ዕደላው ከመጀመሩ በፊት የአካባቢው ወፍጮ ቤቶች፣ የዘይት መጭመቂያዎችና መጋዘኖች የሚያወጡት ተረፈ ምርት ምን ያህል እንደሆነና በየትኛው ወር እንደሚገኝ ሊመዘገብ ይገባል፤ የሚታደሉት ቄቦች ብዛትም በዚሁ ልክ መወሰን አለበት።

አንድ ቤተሰብ የተሰጡትን አምስት ቄቦች ለማሳደግ ከልጆቹ ገበታ ላይ እህል መቀነስ የሚያስፈልገው ከሆነ በሁለተኛው ወር ዶሮዎቹን መሸጡ ወይም ማረዱ አይቀርም፤ ይህንም በማድረጉ ሊወቀስ አይችልም። መኖአቸው ከወፍጮ ቤቱ ግርድና ከጓሮው ቅጠል የሚገኝ ሲሆን ግን ቄቦቹ እስኪጥሉ ድረስ ይቆዩለታል። የዶሮ ዕደላ መሳካቱ የሚለካውም በተሰጡት ዶሮዎች ቁጥር ሳይሆን በሃያኛው ሳምንት ዕንቁላል በሚጥሉት ብዛት ነው።